በሁዳዴ የጠፋ እንቁላል

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

ሰላምታዬ ከአሸተን ማርያም ሥር ካለው ቤታችን ተነሥቶ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ላሊበላ ከተማ ካለችው ክፍልሽ ይግባ። እንዴት ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ? ልጅሽስ? ጥርስ አወጣ ሲሉኝ ከላይ ነው ከታች ብዬ ብጠይቅ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። እኔ ክብር ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ፤ ምግብ አልወርድ ከማለቱ በቀር። ሰሞኑን የማየውም የምሰማውም ሁሉ ያቅለሸልሸኛል። ለሐኪም የሚነገር ሕመም ስላልሆነ ላንቺ ልናገረው ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ስልክሽን ዘግተሽ ሲሙን ጣልሽው አሉ። ደግ አደረግሽ። እየደወለ የሚሰድብሽን ሰው ሁሉ ኪስሽ ውስጥ ይዘሽ ምን ልትሆኚ! ባትዘጊውም ግን ይህን በስልክ አልነግርሽም ነበር። በኛ ቤት ግድግዳው ጭቃ ይመስላል እንጂ ጆሮ ነው።

የጆሮውን ባለቤት ታውቂያቸዋለሽ፤ የአባባ እህት እትዬ አስቻለች። ከጥምቀት ማግስት "ወንድሜን አንድ ሁለት ቀን ልጠይቅ" ብለው መጡ፤ ይኸው ሁዳዴ ሊፈታ ነው፣ አልጋው የእሳቸው ሆኗል። ሌላም አዲስ ሰው አለ፤ ሠርጉ ላይ አልነበርሽምና ላስተዋውቅሽ። ወንድማችን ደሳለ በጥር ከፍላቂት በኩል ዓይናዲስ የምትባል ልጅ አገባ። ዝምተኛ ናት። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ እንጨት ሳይነግሯት ትፈልጣለች። እኔ ወድጃታለሁ፤ አንቺም ብታያት ትወጃታለሽ።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ። ዶሮዎቻችን እንቁላል መጣል አቆሙ።

ሳቂ እንግዲህ! የአባባን፣ የመሪጌታ ገብረ ዮሐንስን ቤት ጾሙን በሙሉ ያመሰው ይኸው ነው። ገብስማዋ፣ ቀይዋና ወሰራዋ እስከ ቅበላ ድረስ ጉድ አስብለው ሲጥሉ ነበር። ጾሙ ሲገባ እኔ እንደ ልማዳችን በአሮጌው ጋን ገብስ ጨምሬ፣ እንቁላሉን እየቀበርኩ ለፋሲካ ላጠራቅም ተዘጋጀሁ። ጋኑ ገብሱን ብቻ ታቅፎ ቀረ።

እናታችን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ያስተማረችንን ሁሉ ሞከርኩ። መጀመሪያ ምግቡ ነው አልኩ፤ ጥራጊ ለቃቅማ የምታድር ዶሮ ከየት አምጥታ ትጥላለች? ከቆሎዬ ቀንሼ ግርድ ጨመርኩላቸው። በሉ፣ ወፈሩ፣ እንቁላል የለም። አርጅተው ነው እንዳልል ልጆች ናቸው። ዶሮ ላባዋን ስትቀይር ታቆማለች፤ የነሱ ላባ ግን ሙሉ ነው፣ አናታቸው ላይ ያለው ሥጋም እንደ በርበሬ ቀልቷል።

ቀጥሎ ቅንቅን ነው አልኩ፤ ደሟን የሚመጥጣት ዶሮ ለእንቁላል የሚተርፍ ጉልበት የላትም። ገብስማዋን ይዤ ክንፏን ገለጥኩ። እህቴ፣ ምነው ባላየሁት! ቆዳዋ ላይ ጤፍ የተበተነ ይመስላል። ጤፉ ደግሞ እግር አለው። እጄ ላይ ወጣ፣ ከእጄ ወደ ክርኔ፣ ከክርኔ ወደ ብብቴ። ልብሴን በፈላ ውሃ ነከርኩ፣ ገላዬን በአመድ ፈገፈግሁ፤ እስካሁን ሰው ሲያወራኝ እያከክሁ ነው የምሰማው። ቆጡን ጠርጌ ትኩስ አመድ ነሰነስኩ፣ ዶሮዎቹንም አመድ ለወስኳቸው። ቅንቅኑ ጠፋ፤ እንቁላሉ አልመጣም።

እትዬ አስቻለች ደግሞ "ወሰራዋ ልትታቀፍ አምሯት ነው፤ ልትታቀፍ ያለች ዶሮ አትጥልም" አሉ። ይህስ እውነት ነው። መድኃኒቱን ግን ታውቂዋለሽ። ከገዛ ክንፏ ላባ ነቀሉና ባንዱ የአፍንጫዋ ቀዳዳ አስገብተው በሌላው አወጡት። ወሰራዋ ያንን ጢም የመሰለ ነገር ይዛ ራሷን እየነቀነቀች ግቢውን ስትዞር፣ እትዬ አስቻለች እጃቸው ላይ የቀረውን ንፍጥ በቀሚሳቸው ጠረጉት፤ በዚያው እጃቸው ሽሮው ላይ ጨው ጨመሩ። ያን ቀን ጾሜን በውሃ ብቻ ነው የፈታሁት።

ሸለምጥማጥ ነው እንዳልል ዛጎል የለ፣ ላባ የለ። ሸለምጥማጥ ከገባ ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ነው የሚሄደው፤ በሚጥሉበት ቁና ውስጥ ግን ሁልጊዜ አንዲት እንቁላል አለች። "ሁሉንም አታንሡባት፤ ጎጆዋን ባዶ ያገኘች ዶሮ ሌላ ቦታ ትሄዳለች" ትለን አልነበር እናታችን? ያቺ አንዷ ናት። በከሰል ምልክት አደረግሁባት፤ በማግስቱም በሳልስቱም ያቺው ባለምልክቷ ቁጭ ብላ ታየኛለች። የሚገርመው ደግሞ ማለዳ ማለዳ ዶሮዎቹ በየተራ ያስካካሉ፤ ልክ ጥላ እንደ ወጣች ዶሮ። ጩኸቱ አለ፣ እንቁላሉ የለም።

ይህን የነገርኳቸው እኔው ነኝ፤ ምላሴ ይቆረጥ። እትዬ አስቻለች ነገሩን እንደ ቆሎ አላምጠው አላምጠው አንድ ቀን ከቅዳሴ መልስ ሁላችንም በተቀመጥንበት ተፉት።

"እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ሲባል ጫጩት ሆኖ ነው" አሉ። "የኛው ግን ከነዛጎሉ ሄደ። ዶሮዎቹ መቼ አቆሙ? ሰው ነው እየበላው!"

በሁዳዴ! በመሪጌታ ቤት! ደሳለ ክው አለ። እሳቸው ግን ገና መሞቃቸው ነበር። "በጾም እንቁላል የሚፈቀድለት ሕፃን ነው፤ እዚህ ቤት ደግሞ ሕፃን የለም" አሉ።

አየሽ፣ ሆድሽ ገፍቶ ከቤት ከወጣሽ ጀምሮ፣ አባባ ስምሽ በዚህ ቤት እንዳይነሣ ከገዘቱ ጀምሮ፣ ሕፃን የሚለውም ቃል አብሮ የተገዘተ ይመስል ሁላችንም ማጎንበስ ልማዳችን ነው። ያን ቀንም አጎነበስን። አባባ ዳዊታቸውን ገለጡና ማንበብ ጀመሩ። ያ የልጅሽ አባት፣ አስጎብኚው፣ ስሙን ብዕሬ ይጸየፈዋል፣ አዲስ አበባ ገብቶ ሰው መስሎ ይኖራል፤ አንቺ ግን በእትዬ አስቻለች አፍ "ያቺ" ሆነሽ ቀረሽ።

ከዚያ ቀን ወዲያ የቤቱ ዓይን ሁሉ ዓይናዲስ ላይ ተተከለ። ማን ይሁን ታዲያ? እኔ የቤት ልጅ ነኝ፣ ደሳለ ወንድ ነው፣ አባባ መሪጌታ ናቸው፤ እትዬ አስቻለች ራሳቸውን አይጠረጥሩ። አዲስ የመጣችው ሙሽራዋ ናት። አመዱን በእንጨት እየቆሰቆሱ ዛጎል ፈለጉባት፤ ፍራሿን ገለበጡ፤ ጥፍሯን እያገላበጡ አዩ። እኔ "ኧረ እትዬ፣ ይተዉ" ብላቸው፣ "ዝም በይ፤ አንቺ ዝም ስትዪ ነው ያቺኛዋ የጠፋችው" አሉኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከጓሮ ስገባ ያየሁትን ልጻፈው ወይስ ልተወው ብዬ ብዙ አሰብኩ። ዓይናዲስን በርጩማ ላይ አስቀምጠዋታል። "ክፈቺ!" ይላሉ። አፏን ከፈተች። እትዬ አስቻለች አፍንጫቸውን ከከንፈሯ አስገብተው፣ "እህ በይ፣ ደግመሽ እህ በይ" እያሉ ያሸታሉ። እሷ ዓይኗን ጨፍና እንባዋ በጆሮዋ በኩል ይወርዳል። ደሳለ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ዳኛ ይጠብቃል፤ ሚስቱ እኮ ናት! ሴትዮዋ ቀና ብለው "ይሸታል" ብለው ፈረዱ። ቀኑን ሙሉ ጾሞ የዋለ አፍ ምን ሊሸት ኖሯል? ጽጌረዳ? ያን ጊዜ ከቅንቅኑ ይልቅ ሰው አስጠላኝ።

ደሳለ "ጾም የገደፈች ሴት ይዤ አባቴ ፊት አልቆምም" አለ። ከሆሣዕና በፊት ሽማግሌ ተጠርቶ ፍላቂት ወደ ወላጆቿ እንድትመለስ ተወሰነ። በጥር ሙሽራ ሆና የገባች ልጅ በሁዳዴ እንቁላል ሰርቃ በልታ ተመለሰች ሲባል አስቢው። ከዚያ በኋላ ማን በራፏን ይረግጣል? ጓሮ ወጥታ ይዛኝ "እንቁላል ይቅርና መልኩን ረስቼዋለሁ፤ ወደ አባቴ በምን ፊት እገባለሁ?" አለችኝ።

በዚሁ መሃል ቤታችን መሽተት ጀመረ። ምን ዓይነት ሽታ መሰለሽ፣ ከምላስ ላይ የሚቀመጥ። አይጥ ሞቶ ነው ብለን ስልቻውን ሁሉ አንሥተን ጠረግን። እትዬ አስቻለች "የኃጢአት ሽታ ነው" እያሉ ዓይናዲስን በጎን ያያሉ። እኔ አፍንጫዬን ተከትዬ ብሄድ ብሄድ የአባባ ዳዊት ማኅደር ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ደረስኩ። ሰሞኑን ዳዊቱን በማኅደሩ ሳይሆን በጋቢያቸው ሥር ይዘው እንደሚሄዱ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። አወረድኩት፤ ክዳኑን ከፈትኩ።

ጭድ። ጭዱ መሃል የፈረጠ እንቁላል። አስኳሉ ጠቁሮ ከቆዳው ጋር ተጣብቋል፤ ነጭ ነጭ ትል ይርመሰመስበታል። ለዳዊት በተሰፋ ቆዳ ውስጥ! ሮጬ ወጥቼ ከአጥሩ ሥር ያለኝን ሁሉ አስመለስኩ። ያስመለሰኝ ሽታው ብቻ እንዳይመስልሽ። አባባ ናቸው ብዬ ነው። ጾም አስተምረው፣ ልጃቸውን ለክብራቸው ብለው አባርረው፣ በጋቢያቸው ተከልለው እንቁላል ሲመጥጡ በዓይነ ኅሊናዬ አየኋቸው። ማኅደሩን ወንዝ ወስጄ በአሸዋ አሸሁት፣ መልሼም ሰቀልኩት። ለማንም አልተነፈስኩም። ምን ተብሎ ይወራል? ጢማቸውን ባየሁ ቁጥር አስኳል ይታየኝ ጀመር።

በኒቆዲሞስ እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ የነፍስ አባታችንም ነበሩ። ዓይናዲስ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ በሩ አጠገብ ቆማለች። እትዬ አስቻለች ከዶሮዎቹ ማስካካት ጀምረው እስከ አፍ ማሽተታቸው ድረስ አንድ ሳያስቀሩ ተረኩ። የነፍስ አባታችን ወደ ልጅቱ ዞረው "ልጄ፣ ምን ትያለሽ?" ሲሉ፣ አባባ መቋሚያቸውን መሬት ላይ አጋደሙና ተነሡ።

"ልጅቱን ተዉአት" አሉ። "የበላሁት እኔ ነኝ።"

እትዬ አስቻለች "ምን አልክ ወንድሜ?" አሉ።

"እንቁላሉን። በጾም። እኔ።"

የነፍስ አባታችን "መሪጌታ፣ የሚናገሩትን አስበውበታል?" ሲሏቸው "አስቤበታለሁ አባቴ" አሉ። እትዬ አስቻለች ይህ አይበቃቸውም፤ "ጥሬውን ነው አብስለህ?" ብለው ጠየቁ። አባባ ወደ ምድጃው አዩ፤ ማን እንዳበሰለላቸው ሊጠየቁ ነዋ። "ጥሬውን" አሉ። እትዬ አስቻለች እንትፍ ብለው ከወንድማቸው ራቅ ብለው ተቀመጡ።

ዓይናዲስ የቋጠረችውን ልብስ ፈትታ ገባች፤ ትዳሯ ተረፈ። አባባ ግን ስግደትና ሱባዔ ታዘዘባቸው፤ ደብሩም ሰምቶ ኖሮ እስከ ትንሣኤ ማግስት ከማኅሌት እንዲርቁ ተነገራቸው። የዕድሜ ልክ ጸናጽላቸውን ከሌላ ሰው እጅ ሊሰሙት ነው። የቆሎ ተማሪዎቹ ሲያዩአቸው መንገድ ይቀይራሉ። በቤትም ከእሳቸው ጋር ከአንድ ገበታ የሚቀርብ ጠፋ። ያዳኗት ዓይናዲስ እንኳ ውሃ የጠጡበትን ጣሳ በአመድ ሁለቴ አጥባ፣ በጣቷ ጫፍ ይዛ ነው የምታስቀምጠው። እኔም ከእነሱ አልሻልኩም፤ ምግባቸውን ሳቀርብ ፊቴን አዙሬ ነበር።

እስከ ሐሙስ። ሐሙስ ዕለት ጎረቤታችን ይማርሽ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝና "ለቅዳሜ አባትሽ ምነው አላመጡልኝም? ታመሙ እንዴ?" አለችኝ። "ምኑን?" አልኳት። አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ወዲያ መሸሸግ የት ይገኛል!

እህቴ፣ ይማርሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ጌሾዋን ይዛ ገበያ ስትወርድ አንቺ ዘንድ ጎራ ትላለች። በጭድ የተጠቀለለ ነገር ትሰጥሽና "ከዶሮዎቼ ነው፤ ለልጅሽ ቀቅለሽ አብዪው፣ አጥንቱ ይጠንክር" ትልሻለች፤ አይደል? የይማርሽ ዶሮዎች ባለፈው ክረምት ፈንግል ገብቶባቸው አንዲት አልተረፈቻትም። ከዚህ በላይ አልተረጉምልሽም።

ወደ አባባ ሄድኩ። ከአጥሩ ሥር ለብቻቸው ተቀምጠው ነበር። ሁሉን እንዳወቅሁ ነገርኳቸው። "ሕፃን አይጾምም፤ ለሕፃን መስጠት ጽድቅ እንጂ ነውር አይደለም፤ ለምን ይህንኑ አልተናገሩም?" አልኳቸው።

"ስሟን ገዝቼ የለ?" አሉኝ። "በአፌ የገዘትኩትን በአፌ አልፈታም።"

"በእጅዎስ?" አልኳቸው። እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

አሁን ንገሪኝ፤ ይህ አያስጠላም? ቅንቅኑም፣ የወሰራዋ ንፍጥም፣ በማኅደሩ ያየሁት ትልም ተደምረው ይህን አያህሉም። ጾም ገደፍኩ ለማለት የተከፈተ አፍ "ልጄ" ለማለት ሲዘጋ ያየ ሰው ምን ይበል? አርባ ዓመት ያዜሙበትን ስም በአንድ ቃል ሲጥሉት አልከበዳቸውም፤ ያንቺን ስም ማንሣት ግን ተራራ ሆነባቸው። እንዲህ ያለ ኩራት ነው ትሕትና ነው፣ እኔ አልገባኝም። ስጠየፋቸው ያሳዝኑኛል፤ ሳዝንላቸው ደግሞ እንደገና ያቅለሸልሸኛል። እትዬ አስቻለችማ ይባስ ብለው "እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር" እያሉ በየደጁ እየዞሩ ናቸው።

ልሄድ ስነሣ አባባ በእናታችን አጥንት አስምለውኛል፤ "ለዚህ ቤት ሰው እንዳትናገሪ" አሉኝ። ማልኩ። መሐላዬንም ጠብቄአለሁ። አንቺን ከቤቱ ሰው ያወጡሽ እሳቸው ራሳቸው አይደሉም?

ነይ አልልሽም፣ ቅሪም አልልሽም። ካባረረሽ ሰው ደጅ ቁሚ ብዬ የምጽፍ እህት አይደለሁም። የማውቀውን ብቻ ልንገርሽ። የትንሣኤ ሌሊት አባባ ከዓለት ወደተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን መውረድ ስለማይችሉ፣ ማኅሌቱን ከላይ ከአፋፉ ላይ ቆመው ነው የሚያዳምጡት፤ ከወይራው አጠገብ፣ ብቻቸውን። ይማርሽ እንደ ነገረችኝ አንቺም ሰው እንዳያይሽ ብለሽ ወደ ታች አትወርጂም አሉ፤ ከዚያው ከአፋፉ ነው የምትሳለሚው። አፋፉ ሰፊ አይደለም።

የላሊበላን ሌሊት ታውቂዋለሽ፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሕፃኑን በደንብ ጠቅልለሽ ያዢው፤ ፊቱን ግን አትሸፍኚው።

አሸተን ማርያም በቀሚሷ ትጋርድሽ። ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ታብቃልሽ፤ እርሱን ያየ ዓይን ደግ ይሁን። የሰው አፍ ያጎደለብሽን የእግዚአብሔር እጅ ይሙላልሽ። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ስትጨርሺ ላመጣችልሽ ለይማርሽ የምትዪው ካለ ንገሪያት፤ የምትዪው ከሌለም ቡና አጠጥተሽ ስደጃት፣ ቁልቁለቱ አድክሟታል።

የምትናፍቅሽ
ታላቅ እህትሽ